በታኅሣሥ ጠዋት የማትነሳው ሃይሉክስ፦ ከጅማ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

መኪናዋ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ የእጅ ማርሽ። ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መነሳት እያስቸገራት መጥቷል። ረፋዱ ላይ ምንም አይላትም፤ ቁልፉ ገና ሲነካ ትነሳለች። ውጭ አድራ ጎህ ሲቀድ ግን ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያዞረው ማስነሻ) ያቃስታል፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ አይዝም። ዛሬ ጭራሽ እምቢ አለች።

በረንዳው ላይ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር 6 ዲግሪ ይላል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቀን የሞቀው መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅቀዋል፤ የሚያግደው ደመና የለም። ለዚህ ነው በታኅሣሥ ቀኑ እየሞቀ ንጋቱ የሚቆረጥመው።

ጊዜው ደግሞ የቡና ነው። በአጋሮ መንገድ ያለው የቤተሰባችን ጀንፈል አልጋ ላይ ደርቆ ጆንያ ገብቷል፤ የሚያመጣው መኪና ይሄ ብቻ ነው። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ካልተነሳን ጭነቱም መመለሱም ይመሻል።

ጎረቤቴ ጋሼ መኪናቸውን አስጠግተው ባትሪ አበደሩኝ። ቀዩን ገመድ ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ አሰርን፤ ጥቁሩን ከእሳቸው ባትሪ ኔጌቲቭ አነሳንና ሌላውን ጫፍ ከእኔ ባትሪ ራቅ አድርገን ሞተሩ ላይ ባለ ባዶ ብረት ላይ ነከስነው። ይሄ ቅደም ተከተል መዝለል የለበትም። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣዋል፣ የመጨረሻው ገመድ ሲነካ ደግሞ ብልጭታ ይኖራል፤ ብልጭታው ከባትሪው መራቅ አለበት። ስታርት ስሰጣት ሞተሪኖው በኃይል አዞረና እያሳለች፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ግቢውን በነጭ ጭስ ሞልታ ተነሳች።

"ባትሪ ነዋ! ቀይረው" አሉኝ ጋሼ። ሰፈሩም ያለው ይህንኑ ነው። አንዱ ሞተሪኖ አስፈታ ይላል፣ ሌላው ፖምፓ (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን) አስወርድ ይላል። እያንዳንዱ ብዙ ሺህ ብር ነው። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው፦ 6 ዲግሪ ደህና ሞተር የሚያስቆም ብርድ አይደለም። ደጋ ላይ ከዚህ በባሰ ብርድ እያደሩ በየማለዳው የሚነሱ የናፍጣ መኪኖች ሞልተዋል። እዚህች መኪና ውስጥ የደከመ ነገር አለ፤ ብርዱ አጋለጠው እንጂ አላመጣውም። የደከመውን በመለኪያ ሳላገኝ አንድም ዕቃ አልገዛም። ይህን ማስታወሻ የምይዘውም ልኬቱ እንዳይጠፋብኝ ነው።

ሰኞ ማታ

ካልጋሪ፣ ካናዳ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውሎ ጉዳዩን ሰማ። እሱ ጋ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ አዲስ ነገር አይደለም። መኪና ማቆሚያው ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ፤ ሰው ማታ ሲገባ የሞተሩን ማሞቂያ ገመድ ይሰካና ሞተሩ ሌሊቱን ሳይበርድ ያድራል። ነዳጅ ማደያዎቹም ለክረምት የተዘጋጀ ናፍጣ ይቀዳሉ። ተራ ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰም ብርዱ ሲጠና ይረጋና ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ባዶ የሆነ ባትሪም እዚያ በረዶ ሆኖ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተሞላ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ግን ብዙ ብርድ ይችላል።

"ማሞቂያ ልላክልህ?" አለኝ ከልቡ። አመስግኜ ተውኩት። ናፍጣችን በ6 ዲግሪ አይረጋም፤ ብሎኩን በኤሌክትሪክ ማሞቅም ጅማ ላይ የሚያስፈልግ ነገር አይደለም። ከነገረኝ ውስጥ ለእኛም የሚሠራው የባትሪው ነገር ነው። ባትሪ ኃይሉን የሚሰጠው በኬሚካል ለውጥ ነው፤ ብርድ ለውጡን ያዘገየዋል። ውኃ በሚረጋበት ቅዝቃዜ ከማስነሻ ጉልበቱ ሲሶ ገደማ ያጣል፤ ከዜሮ በታች 18 ላይ ግማሹንና ከዚያም በላይ። ባትሪ ላይ የሚጻፈው የብርድ ማስነሻ አምፔር የሚለካውም በዚያ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። በእኛ 6 ዲግሪ ግን የሚቀንሰው ትንሽ ነው።

ማክሰኞ፣ ንጋት

7 ዲግሪ። ዛሬ ስታርት ከመስጠቴ በፊት ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ይዤ ወጣሁ። የእህቴ ልጅ ቁልፉ ጋ ተቀመጠ። ፖምፓው ላይ ያለውን የነዳጅ መዝጊያ ሽቦ ነቅያለሁ፤ ሞተሩ በልኬቱ መሀል እንዳይነሳና ሞተሪኖው ብቻ እንዲያዞር ነው።

ባትሪው አድሮ፣ ምንም ሳይነካ፦ 12.5 ቮልት። የተሞላ ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል፣ 12.2 ሲደርስ ግማሽ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው፣ ሌሊትም ኃይሉን የሚመጥጠው ነገር የለም።

ሞተሪኖው ሲያዞር፣ ባትሪው ራስ ላይ፦ 10.4 ቮልት። ይህም ደህና ነው። ከ9.6 በታች ቢወርድ ነበር የምጠረጥረው።

ሞተሪኖው ሲያዞር፣ ሞተሪኖው ራሱ ላይ፣ ከወፍራሙ ብሎን እስከ አካሉ፦ 9.0 ቮልት። እዚህ ጋ ቆምኩ። ባትሪው 10.4 ይሰጣል፣ ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው 9.0 ነው። 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል።

የት እንደቀረ ለማወቅ እያንዳንዱን ገመድ ለብቻው ለካሁ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው እርሳስ ላይ (ገመዱ ጫፍ ያለው ማሰሪያ ላይ ሳይሆን ከባትሪው በሚወጣው እርሳስ ላይ፣ መገናኛውም እንዲለካ)፣ ሌላውን ጫፍ ገመዱ የሚያልቅበት ላይ አድርጌ ልጁ ቁልፉን አዞረ። በፖዘቲቭ በኩል 0.3 ቮልት ጠፋ፣ የሚታገሥ ነው። በኔጌቲቭ በኩል፣ ከባትሪው እርሳስ እስከ ሞተሩ ብረት፣ 1.1 ቮልት! ደህና ገመድ ላይ 0.2 ካለፈ መጠርጠር አለበት።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ባትሪና ብዙ ሞተሪኖ ያለጥፋቱ የሚቀየረው እዚህ ጋ ነው። የናፍጣ ሞተሪኖ ሲያዞር 250 አምፔር ሊስብ ይችላል። በዚያ ፍሰት 4 ሚሊ ኦም፣ ማለትም አንድ ኦም ለሺህ ቢከፈል አራቱ እጅ፣ ብቻውን 1 ቮልት ይበላል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በተለመደው ቴስተር የኦም መለኪያ አይታይም፤ ገመዱን ነቅሎ ቢለካ "ዜሮ፣ ደህና ነው" ይላል። የሚታየው ገመዱ ሸክሙን ተሸክሞ እያለ ቮልቱ ሲለካ ብቻ ነው። የተዘጋ ቧንቧም ጠብታ ሲያሳልፍ ደህና ይመስላል፤ የሚጋለጠው በርሜል ሙላ ሲባል ነው።

የትናንቱም ነገር አሁን ገባኝ። የጋሼን ገመድ ስናስር የመጨረሻውን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ ነበር የነከስነው። ሁላችንም "ሌላ ባትሪ ሲረዳት ተነሳች፣ ስለዚህ ባትሪዋ ነው" አልን። ያ ገመድ ግን ጉልበት ከመጨመሩ ሌላ የእኔን በሽተኛ ኔጌቲቭ ገመድ ዘልሎ አዲስ መንገድ ከፍቷል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ዛሬ የማንንም ባትሪ ሳልለምን የማበደሪያውን ጥቁር ገመድ ብቻ ወስጄ ከራሴ ባትሪ ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት አሰርኩት። ልጁ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው እንደ ቀኑ አዞረ።

ባትሪ ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን ቢሞክር ደስ ይለኛል። አንድ ገመድና አንድ ደቂቃ ነው።

ረቡዕ

ኔጌቲቩን ገመድ ፈታሁ። ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቭ፣ ሲታሰር መጨረሻ ኔጌቲቭ፤ ያኔ መፍቻው ቦዲ ቢነካም እሳት አይፈጥርም። ላዩ ደህና ይመስላል። ጫፉ ጋ ጎማውን በቢላ ስሰነጥቀው ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ከመዳቡ ክሮች ብዙዎቹ ሲነኩ ይረግፋሉ። ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ቦታም ዝገትና የደረቀ ዘይት ጋግሮበታል። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ከየካቲት እስከ ጥቅምት ኮፈኑ ሥር ያለው ብረት በደንብ የሚደርቅበት ቀን ጥቂት ነው። በእርጥበት የሚበላ ገመድ እዚህ አገር የሚያስደንቅ አይደለም።

መርካቶ በኩል ያሉ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ ወሰድኩት። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቸኩለው የማይናገሩ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ባትሪው እኮ ገና ነው" አልኳቸው፣ የሰፈሩ ወሬ አልለቅ ብሎኝ።

"ባትሪውን ማን ጠየቀህ? ገመዱን አምጣው።" አዩት፣ ጫፉን በጥፍራቸው ፈተጉት። "ይሄ ሞቷል። በብየዳ ገመድ እሠራልሃለሁ፤ ወፍራምና ልስልስ ነው፣ ሞተሩ ሲነቃነቅ አይሰበርም።"

50 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የብየዳ ገመድ ቆረጡ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ የመዳብ ጆሮ በመጭመቂያ ጨመቁ፣ በላዩ ላይ በሙቀት የሚኮማተር ጎማ አለበሱት። ቆርቆሮ ቀልጦ እንዲፈስበት አልፈለጉም፤ "ሲግል ይለቃል፣ ሲነቃነቅ ይሰነጠቃል" አሉኝ። በተጨማሪ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደውን ቀጭን ገመድም አደሱልኝ።

ቤት ገብቼ የሞተሩን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግሁት፣ አሰርኩት፣ ከታሰረ በኋላ ዝገት እንዳይገባው ግራሶ ቀባሁት። ልኬት፦ በኔጌቲቭ በኩል የሚጠፋው ከ1.1 ወደ 0.1 ቮልት ወረደ።

ሐሙስ፣ ንጋት

5 ዲግሪ፤ ከሰሞኑ ሁሉ የበረደው ጠዋት ነው። ለሙከራ ጥሩ ቀን።

ሞተሪኖው በኃይል ያዞራል። መኪናዋ ተነሳች፤ ግን ረጅም አዙራ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ነጭ ጭሱም እንዳለ ነው። ለደቂቃ ያህል በግማሽ ጉልበት እያሳለች ቆይታ ነው የተስተካከለችው። ስለዚህ የደከመው አንድ ነገር ብቻ አይደለም።

የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭርለት ነገር የለውም። ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው አየሩ ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ለዚህ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ሲያዞር የታመቀው አየር ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ብረት ይሰጣል፣ በፋሻዎቹም (በፒስተኑ ቀለበቶች) በኩል ያመልጣል፤ ናፍጣው ሳይቃጠል እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ነጩ ጭስ ያ ነው፣ ሲሸተትም ጥሬ ናፍጣ ይሸታል። ይህ ሞተር ደግሞ ናፍጣውን የሚረጨው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ነው። የክፍሏ ግድግዳ ሙቀት በጣም ይጠጣል። ስለዚህ በየሲሊንደሩ አንድ ማሞቂያ ካንዴላ አለ፤ ቁልፉ ሲከፈት ለጥቂት ሰከንድ ግሎ ክፍሏን ያዘጋጃል። እስካሁን ማንም የነዚህን ካንዴላዎች ነገር አላነሳም።

ከሰዓት በኋላ ለካሁ። ቁልፉ ሲከፈት ሪሌው (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚከፍተው ማብሪያ) ቀጭ ይላል፣ አራቱን ካንዴላዎች የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ኤሌክትሪክ ይደርሳል። ስለዚህ ሪሌው ይሠራል። ጠፍጣፋውን ብረት አንስቼ እያንዳንዱን ካንዴላ ለብቻው በኦም ለካሁ (ይህ ካልተነሳ አራቱ ስለሚያያዙ አንዱ ጤነኛ የሌሎቹን ሞት ይሸፍናል)። አንደኛውና ሦስተኛው ከ1 ኦም በታች፣ ደህና ናቸው። ሁለተኛውና አራተኛው ምንም አያሳልፉም፤ ተቃጥለዋል። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት በሁለት ሲሊንደር ነበር የሚነሳው፤ መንቀጥቀጡም ከዚያ ነው።

ቅዳሜ

ዓርብን ያለ ሥራ አሳለፍኩት፤ መኪናዋ በማለዳው እያሳለችም ቢሆን ተነስታ ቡናውን አምጥታለች። ማታ ስንመለስ ሞተሩ ለብ እያለ ካንዴላዎቹ ሥር የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጨሁና አሳደርኩት።

ዛሬ በ12 ቁጥር ረጅም ቡሶላ አወጣኋቸው። ይህ ሥራ ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ጋ ነው። ካንዴላ ቀጭን ነው፤ በጉልበት ከተጣመመ ቴስታው ውስጥ ይሰበራል፣ ያን ጊዜ ቴስታ ማውረድ ይመጣል። ሞተሩን ጥቂት አስነስቼ አሞቅሁት፣ ጥቂት ፈታሁ፣ ሲጠነክር መልሼ አሰርኩ፣ ዘይት ጨመርኩ፣ እንደገና ፈታሁ። አራቱም ሳይሰበሩ ወጡ። የሞቱት ሁለቱ ጫፋቸው አብጦ ነበር፤ ከዚያ ትንሽ በልጠው ቢያብጡ ኖሮ በቀዳዳቸው አይወጡም ነበር።

አራቱንም ለመቀየር ወሰንኩ። ሁለቱ ደህናዎችም እኩል ዕድሜ አላቸው፤ እየተፈራረቁ ሲሞቱ በየጊዜው ቴስታ ላይ ቁልፍ ማሳረፍ አልፈልግም።

ሲገዛ መጠንቀቅ ያለበት ነገር ቮልቱ ነው። አንዳንድ ቶዮታዎች ላይ 12 ቮልት የሚችል ካንዴላ ነው ያለው፤ ሌሎቹ ላይ በፍጥነት የሚግል የ6 ቮልት ካንዴላ አለ፣ መኪናውም ቮልቱን ራሱ ቀንሶ ይሰጠዋል። ሁለቱ ቢመሳሰሉም የ6 ቮልቱን በቀጥታ 12 ቮልት ላይ የሰካ ሰው በሰከንዶች ያቃጥለዋል። ቁጥሩ ካንዴላው አካል ላይ ተቀርጿል። የወጣውን ይዞ ሄዶ ከሚገዛው ጋር ማስተያየት ነው። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ ርዝመቱ ይለያል፤ መለስኩለት። ከሁለተኛው የገዛኋቸውን አራቱንም ከመግጠሜ በፊት ባትሪ ላይ ሞከርኳቸው (የ12 ቮልት ስለሆኑ)፤ በፒንሳ ይዤ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። መጀመሪያ ጫፋቸው ቀላ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጣ። ከጫፍ ሳይሆን ከመሀል የሚቀላ ቢኖር አልገጥመውም ነበር። ካንዴላዎቹን መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በአጭር ቁልፍ በቀስታ አጠበቅሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በብርቱ እላለሁ። ሰሞኑን የመከሩኝ ሁሉ የወደዱኝ ናቸው፤ ከምክሮቹ ውስጥ ግን ሰው የሚጎዱ አሉ። አንዱ ኤተር አየር ማስገቢያው ላይ እንድረጭ ነገረኝ። ማሞቂያ ካንዴላ ያለው ሞተር ላይ ኤተር ከጋለው ካንዴላ ጋር ሲገናኝ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ፋሻና ፒስተን ይሰብራል፣ እጅና ፊትም ያቃጥላል። ሌላው ጨርቅ ናፍጣ ነክሬ አየር ማስገቢያው ላይ እንዳነድ፣ ሦስተኛው ታንከሩ ሥር ከሰል እንዳስቀምጥ መከሩኝ። በየመንገዱ ሲደረግ አይቻለሁ፤ መኪና አንድዶ ሲቀርም ሰምቻለሁ። ጎረቤታችን እትዬም በደግነት ለቡና የጣዱትን የፈላ ውኃ ሞተሩ ላይ እንዳፈስ ጀበናውን ይዘው መጡ። የቀዘቀዘ ብረትና መስታወት ላይ የፈላ ውኃ ሲፈስ ሊሰነጥቅ ይችላል፤ አመስግኜ ቡናውን ጠጣሁ። መግፋት እንኳ ይሻላል፤ የእጅ ማርሽ ላላት መኪና ሁለተኛ ማርሽ ከትቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ስትፈጥን መልቀቅ። በጅሬን መንገድ ያሉ ሰዎች ቁልቁለት ላይ የሚያሳድሩት ለዚህ ነው። ግን ካንዴላው የሞተ ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ ቢገፋም ብዙ ይለፋል፤ ሰው ከመኪናው ፊት ለፊት እንዳይቆምም መጠንቀቅ ነው።

እሑድ፣ ንጋት

6 ዲግሪ። ቁልፉን ከፍቼ የካንዴላው መብራት እስኪጠፋ ጠበቅሁ፣ ስታርት ሰጠኋት። ሞተሪኖው አንዴ ዞር እንዳለ ያዘች። ጭሱ ስስ ነበር፣ ወዲያው ጠራ። መንቀጥቀጥ የለም።

የቀሩትን ነገሮች እግረ መንገዴን አየሁ። ዲናሞው 14.1 ቮልት ይሞላል፣ መብራት ሲበራ 13.9። ቺንጋው አልላላም። የነዳጅ ፊልትሮውን ሥር ከፍቼ ትንሽ ውኃ አወጣሁ፤ አናቱ ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ አድሮም ጠንካራ ነው፣ ስለዚህ አየር አይገባም። ዘይቱ 20 ደብሊው 50 ነው፤ በሚቀጥለው ቅያሪ 15 ደብሊው 40 አደርገዋለሁ፤ በብርድ ቀጠን ስለሚል ሞተሪኖውን ያቀልለታል። በፖዘቲቭ በኩል የቀረው 0.3 ቮልትም ቢሆን ከክረምቱ በፊት በዚያው የብየዳ ገመድ ይቀየራል።

ሰኞ

ጋሼ ትናንት መጥተው ልኬቶቹን አንድ በአንድ አነበቡ። የእሳቸውም መኪና ጠዋት ላይ ማቃሰት ጀምሯል፤ ባትሪ ለመግዛት ገንዘብ አዘጋጅተው ነበር። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ቁልፍ ሳይነካ፣ ቴስተሩን ይዤ እሳቸው ግቢ እገባለሁ፤ መጀመሪያ የምለካው ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ያለውን ነው።